አይታሽም የተባለው ጭኔ

ይህን የምጽፈው ከልምምድ በኋላ ጭኗን ይዛ "የትኛው ማሳጅ ይሻለኛል?" ብላ ለምትጠይቅ ልጅ ነው። እኔም ጠይቄ ነበር። ጠየቅኩ፣ ተመከርኩ፣ ከምክሮቹ መሀል ልቤ የፈለገውን መረጥኩ። ያ ምርጫ ወራት በክራንች አስሄደኝ፤ እግሬን ሊያስቆርጠኝም ምንም አልቀረውም ነበር።

አመነች እባላለሁ። ጉኑኖ ነው ተወልጄ ያደግኩት። ሶዶ ውስጥ በአንድ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን የግራ ተከላካይ ነበርኩ። "ነበርኩ" የሚለውን ቃል ስጽፍ አሁንም ያንገሸግሸኛል።

ነገሩ የጀመረው አዲሱ አሰልጣኝ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጠዋት ጠዋት የዳሞታን ተራራ አቀበት ያስሮጠናል፤ ከሰዓት ብረት ያስነሳናል። ለሁለት ወር ያረፈ ሰውነት ነበርና ሁላችንም ተሰባበርን። ቡድኑ በተከራየልን ቤት ደረጃ የምንወርደው በጎን ነበር። ሽንት ቤት መቀመጥ አንድ ሥራ፣ መነሳት ሌላ ሥራ ሆነ። እርስ በርስ እየተያየን እንስቅ ነበር። ያ የሚያስቅ ሕመም ነው። የሠራ ጡንቻ ሕመም ሁለቱንም እግር እኩል ያማል፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን እየለቀቀ ይሄዳል። ይህን ያኔ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ከአንድ ጂም በላይ ባለው ፎቅ ማሳጅ ቤት ተከፍቶ ነበርና ሦስት ሆነን ሄድን። ባለሙያው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ንጹሕ፣ ቀልጣፋ፣ ሲናገር የሚያሳምን ሰው። ግድግዳው ላይ የምስክር ወረቀቶቹን ሰቅሏል።

"ሦስት ዓይነት አለን" አለን። "ቀለል ያለው ድካም ያወጣል። ስፖርት ማሳጅ የሚባለው ለውድድር ያዘጋጃል። ሦስተኛው ዲፕ ቲሹ ነው፤ በክርንና በአውራ ጣት ጠልቄ ነው የምሠራው። ያማል፤ ግን የተቋጠረውን ከሥሩ ይፈታዋል።"

እኛ ቀለል ያለውን መረጥን። ደስ ይል ነበር። በማግስቱ ሰውነቴ ቀሎኝ ነቃሁ፤ ደረጃውንም እንደ ሰው ወደ ፊት ወረድኩ። ስለዚህ ማሳጅ ክፉ ነው አልልም። ለደከመ ጡንቻ በለስላሳ እጅ መታሸት ጥሩ ነገር ነው። የእኔ ጥፋት የመጣው ሌላ ሕመም በዚያው ስም ስጠራ ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ልምምድ ላይ፣ ኳስ ለመንጠቅ ስገባ የአንዷ ጓደኛችን ጉልበት የግራ ጭኔን ፊት ለፊት መታው። ወደቅኩ። ትንፋሼ ተቋረጠ። ግን አሰልጣኙ ማስታወሻውን ይዞ ዳር ቆሞ ነበር፤ ተነስቼ እያነከስኩ ጨረስኩ። ወደ ማታ ሱሪዬ ጭኔ ላይ ጠበበኝ።

የቡድናችን ወጌሻ ጋሽ አንጁሎ ይባላል። ስድሳ ዓመት የተጠጋው ቀጭን ሰው ነው፤ ቁና ቁና እየተነፈሰ ሜዳ ውስጥ ሲሮጥ ተመልካች ይስቅበታል። ከጁስ ቤት በረዶ በፌስታል ይዞ መጣ። ጭኔን በሁለት ጣት ብቻ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ እጁን አነሳ።

"ይሄ የልምምድ ድካም አይደለም" አለኝ። "ሥጋው ውስጥ ደም ፈሷል። በረዶ ይደረግበታል፣ በጨርቅ ይታሰራል፣ ያርፋል። አይታሽም።"

"ለስንት ቀን?"

"ሦስት ሳምንት አርፈሽ እናያለን።"

"ጋሽ አንጁሎ! ተጫዋች የሚመረጠው እኮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው!"

"ይመረጡ። ጭንሽ ግን አይታሽም።"

ለአሰልጣኙ ስነግረው ፈገግ አለ። "ጋሽ አንጁሎ አርጅቷል። ለሱ ሁሉም ነገር 'አይታሽም' ነው" አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አመነች፣ እኔ ቦታሽን ባዶ ማቆየት አልችልም። ሰኞ ሳምንት ሜዳ ላይ ላይሽ እፈልጋለሁ።"

በማግስቱ ብቻዬን ማሳጅ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፦ ዋሸሁት። "የልምምድ ነው" አልኩት። ተመትቼ ነው ካልኩ ይመልሰኛል ብዬ ፈራሁ። አልጋው ላይ ስተኛ ጭኔ ከላይ እስከ ጉልበቴ ጠቁሮ ነበር። አየው። እኔም ማየቱን አየሁ። ምንም አልጠየቀኝም።

"የቱን ላድርግልሽ?"

"ጠንካራውን።"

ክርኑ ሲገባ ፎጣውን ነከስኩ። እንባዬ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። "ካላመመ አልሠራም ማለት ነው፤ በርቺ" ይለኝ ነበር። የሚገርመው፣ ሕመሙ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ያህል የሚያም ነገር ሥራውን ሳይሠራ አይቀርም ብዬ አመንኩ። ከአቀበትና ከብረት የተማርኩት ያንን ብቻ ነበር፤ የሚያም ነገር ያጠነክራል።

በማግስቱ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። "የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነው" አለኝና ደገመኝ። በአሥር ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ ታሸሁ። ሰኞ ሳምንት ሜዳ ወጣሁ፤ ሁለት ዙር ሳልጨርስ ተቀመጥኩ። አሰልጣኙ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። የጻፈውን ለማወቅ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

ታላቅ ወንድሜ ጴጥሮስ ሶዶ ውስጥ መምህር ነው። ከተጫዋቾቹ ቤት አውጥቶ እሱ ጋ ወሰደኝ። እናቴ ስትሰማ ከጉኑኖ ቅቤዋን ይዛ መጣች። እናቴ በሰፈራችን የታወቀች አሺ ናት፤ ያላሸችው አራስ፣ ያላቃናችው ወገብ የለም። ጭኔን ዳብሳ ከንፈሯን መጠጠች።

"ማነው እንዲህ ያጎሳቆለሽ? እነዚህ የከተማ ልጆች እጅ የላቸውም" አለች።

ጠዋትና ማታ፣ ትኩስ ጨርቅ አድርጋ፣ ቅቤ ቀብታ አሸችኝ። እጇ እንደ ባለሙያው ክርን አልነበረም፤ ከልቧ ነበር የምታሸው። እያሸች በወላይትኛ ትጸልያለች፤ እኔም በድምፅዋ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ጭኔ ውስጥ መዳፍ የሚያህል ነገር ጠጠረ። ሲነኩት እንደ ድንጋይ ነው። ጉልበቴ ደግሞ ትንሽ እንኳ አልታጠፍ አለ።

ከዚያ ክሊኒክ ለክሊኒክ መዞር መጣ። የመጀመሪያው ክሊኒክ "መግል ይዟል" አለና መርፌ ሰደደበት። መግል አልወጣም፤ ጥቂት የጠቆረ ደም ወጣ። እንደዚያም ሆኖ የመግል መድኃኒት ሰጡኝና አንድ ሳምንት ዋጥኩ። ሁለተኛው ክሊኒክ ደግሞ "ቁርጥማት ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ አትታጠቢ" ብሎ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጋኝ። በሁለቱም ቦታ ተመትቼ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም። አሁን ሳስበው፣ ስለ ማሳጁ መናገር አፍሬ ነበር።

በመጨረሻ ጴጥሮስ ሆስፒታል ወሰደኝ። የራጅ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ጠበቅን። እግሬን አጥፌ መቀመጥ አልችልም፤ ዘርግቼ እንዳልቀመጥ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ሰው ሁሉ ይመታኛል። አጠገቤ ከሃላሌ የመጣች አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር፤ ባሏ ውስጥ ገብቶ ትጠብቀዋለች። ምንም ሳትጠይቀኝ እግሬን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"እዚህ ይቆይ" አለችኝ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ እግሬ እሷ ላይ ነበር። ነጠላዋን ሸፈነችበት። የተጠበሰ በቆሎዋን ሁለት ላይ ሰብራ ግማሹን ሰጠችኝ። ከተመታሁ ጀምሮ እግሬን ይዛ ያላሸችኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ራጁን ያየው ወጣት ሐኪም ጴጥሮስን ለብቻው ጠራው። በሩ ግን አልተዘጋም።

"ከአጥንቱ አጠገብ ጉም የመሰለ ነገር ይታያል" ሲል ሰማሁት። "የአጥንት ካንሰር ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን ከሥጋው ናሙና መወሰድ አለበት። ከሆነ ደግሞ… እግሯን ማትረፍ ላይቻል ይችላል። ቶሎ ሐዋሳ ውሰዷት።"

ጴጥሮስ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። "ምን አለህ?" አልኩት።

"ሐዋሳ ሌላ ምርመራ አለ።"

"ጴጥሮስ፣ ሰምቻለሁ።"

አጠገቤ ተቀመጠ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጴጥሮስ ትልቅ ሰው ነው፣ መምህር ነው፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አለቀሰ።

ቤት ስንደርስ ለእናታችን ነገራት። እሷ አላለቀሰችም። ተነሳች።

"እግሯን ቆርጠው ሊሰጡኝ ነው? በጭራሽ! ጌታ የሰጣትን እግር ሰው አይቆርጠውም። ወደ ጉኑኖ ትመለስ፤ ቤተ ክርስቲያን ይጸልይላታል።"

"እማዬ፣ ጸሎቱ ይቀጥል። እሷ ግን ሐዋሳ ትሄዳለች።"

"አባትህ ቢኖር እንዲህ አትናገረኝም ነበር!"

"አባቴ ቢኖር እስካሁን ይወስዳት ነበር።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ አንድ ቤት ውስጥ ተኳረፉ። እሷ የምትለውን ለኔ ትነግረኛለች፣ እኔ ለሱ እነግረዋለሁ። የጸሎት እህቶች ከሰፈር እየመጡ ይጸልዩልኛል። እነሱ ሲሄዱ ብርድ ልብሱን ገልጬ ሁለቱን እግሮቼን ጎን ለጎን አያቸዋለሁ። ቀኙ የሯጭ እግር ነው። ግራው እንደ ጋቢ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነገር ይመስላል። ከሞት ይልቅ የፈራሁት ምን እንደነበር ልንገራችሁ? የተጫዋቾች ፎቶ ስንነሳ የት እንደምቆም አስብ ነበር። ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ትልቅ ነገር የሚያስብ ይመስላችኋል፤ አያስብም።

በመጨረሻ እናቴ "እኔም እሄዳለሁ" ብላ ተሸነፈች። ሐዋሳ ሦስታችንም ሄድን። የአጥንት ሐኪሟ ዘንድ ከታማሚው ጋር አንድ ሰው ብቻ ስለሚገባ ጴጥሮስ ገባ፤ እናቴ ውጭ ግቢው ውስጥ ቀረች።

ሐኪሟ ከሰሜን የመጣች፣ ንግግሯ ቀስ ያለ ሴት ናት። ራጁን ወደ መብራቱ አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ።

"ከዚህ በፊት እዚህ ቦታ ላይ ተመትተሽ ታውቂያለሽ?"

"አዎ። ልምምድ ላይ፣ በጉልበት።"

"ታሽቷል?"

ወደ ጴጥሮስ ዞርኩ።

"አትፍሪ። ታሽቷል ወይ?"

"አምስት ጊዜ ዲፕ ቲሹ። ከዚያ እናቴ በቀን ሁለት ጊዜ… ሁለት ሳምንት።"

ራጁን አስቀመጠችና ወንበሯን ወደኔ አቀረበች። "ስሚኝ" አለችኝ። "ጡንቻ ውስጥ ደም ሲፈስ ሰውነት ራሱ ቀስ ብሎ ያጸዳዋል። ሳያጸዳው ደጋግሞ ሲታሽ ግን እንደገና ይቆስላል፣ እንደገና ይደማል። አንዳንዴ ሰውነት ይሳሳትና፣ የተሰበረ አጥንት የሚጠግን መስሎት እዚያው ሥጋው ውስጥ አጥንት ይሠራል።"

"ጡንቻዬ ውስጥ አጥንት?"

"አዎ። እኔ የጠረጠርኩት እሱን ነው። በጅምሩ ራጅ ላይ ካንሰር ይመስላል፤ የመጀመሪያው ሐኪም መስጋቱ አይፈረድበትም። ሲቲ ስካን እናንሳና እንይ።"

ውጤቱን ስትነግረን የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደኛ አዞረችው። የጠጠረው ዳር ዳሩ ነበር፤ መሀሉ ገና ለስላሳ ነው። ካንሰር ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ መሀሉ ነው የሚጠጥረው አለችን። ናሙና የመውሰዱን ቀጠሮ ሰረዘችው። "በአንድ ወር ሌላ ራጅ ታነሻለሽ። እስከዚያ እረፍት። ማሸት የለም፣ ትኩስ ነገር የለም፣ ቅቤ የለም። ጉልበትሽን ሳያምሽ በራስሽ አቅም ብቻ ታንቀሳቅሺዋለሽ። እግርሽ አይቆረጥም።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ወዲያው ግን የእናቴ እጅ ትዝ አለኝ። መተላለፊያው ላይ ጴጥሮስ ክንዴን ያዘኝ።

"ለእማዬ አንነግራትም።"

"ምኑን?"

"የማሸቱን። እጄ ነው ልጄን ያጠፋት ብላ ትሞትብናለች።"

ተስማማሁ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አገኘናት። ጴጥሮስ፣ "እማዬ፣ ካንሰር አይደለም" አላት። ሌላ ምንም አላለም። እናቴ እዚያው አፈሩ ላይ ተንበረከከች። "ጌታ ቀየረው! ካንሰሩን ቀየረው!" እያለች ጮኸች። የጥበቃ ሠራተኛው ሳይቀር "አሜን" አለ። ጴጥሮስና እኔ ተያየን። እንዳትታሽ ተብላለች፣ ቁስሉ እንዲያርፍ ነው አልናት። አመነችን። ጴጥሮስንም አቅፋ ሳመችው፤ ከዚያ ወዲህ ተነጋገሩ።

ከአንድ ወር በኋላ የተነሳው ራጅ ሐኪሟ ያለችውን አረጋገጠ። ወሩ ግን ረጅም ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት ደግሞ ባሰ። ከቡድኑ ሁለት ልጆች ሙዝ ይዘው ጠየቁኝ። አሰልጣኙ አንድ ጊዜ ደወለ፤ "እግዚአብሔር ይማርሽ" አለኝ። ውሌ ሲያልቅ አልታደሰም። ያንን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ ከቢሮ የደወለች ልጅ ናት፤ ማልያዬን እንድመልስ ጠየቀችኝ።

የመጣው ጋሽ አንጁሎ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣል። በሆዴ አስተኝቶ ጉልበቴን ራሴ እስከቻልኩት እንዳጥፍ ይነግረኛል፤ እሱ አይነካኝም። ከዚያ ተረከዜና መቀመጫዬ መሀል ያለውን ርቀት በስንዝር ይለካል። "ዛሬ ሦስት ስንዝር" ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት፣ "ሦስት ስንዝር። ምንም የለም። ቢሆንም አልጨመረም።" ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት የሆነ ቀን አጨበጨበ። በዚያ ዓመት ያጨበጨበልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን፣ "ጋሽ አንጁሎ፣ ለምን አልሰማሽኝም ብለህ አትቆጣኝም?" አልኩት።

ስንዝሩን ለካ፣ ቆጠረ፣ ቀና አለ። "'ብዬሽ ነበር' አልልም" አለኝ። እንደገና ወደ እግሬ ጎንበስ ብሎ፣ "ግን ብዬሽ ነበር።"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ።

በክራንች ደረጃ መውጣት ስችል መጀመሪያ የወጣሁት የማሳጅ ቤቱን ፎቅ ነው። ባለሙያው አንሶላ እያጠፈ ነበር።

"አመነች! ጠፋሽ እኮ!"

"ጭኔ ውስጥ አጥንት በቀለ" አልኩት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አንሶላውን ይዞ ሰማኝ።

"አንቺ እኮ የልምምድ ነው ብለሽኛል" አለኝ።

"ጠቁሮ አላየህም?"

"አይቻለሁ። ስፖርተኛ መቼ ሳይጠቁር ይውላል? ደግሞ እኔ ሐኪም አይደለሁም።"

"ሐኪም ካልሆንክ ሳትጠይቅ ክርንህን ለምን ትጭናለህ?"

"ጠንካራውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ፣ እህቴ።"

ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። እኔ ዋሸሁት፣ እሱም መዋሸቴን እያየ ዝም አለ። ከሁለታችን አንዳችን አንድ ዓረፍተ ነገር ብንናገር ይበቃ ነበር። ስወጣ በሩ ላይ ሁለት ልጆች ተራ ይጠብቁ ነበር። "የቱ ይሻላል?" ብላ አንዷ ጠየቀችኝ። ክራንቼን አየችና መልሴን ሳትጠብቅ ዓይኗን ሰበረች።

ዓመት ሊሞላ ሲል ያለ ክራንች ሄድኩ። አሁን እሮጣለሁ። ጉልበቴ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፤ ጭኔ ውስጥ ያለው ነገር አንሷል፣ አልጠፋም። ሐኪሟ ካላስቸገረኝ ይቀመጥ ብላለች። የግል ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ። ኳስ ግን ለቡድን አልተጫወትኩም።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን እንድጽፍ ያደረገኝ የቀረው ነው።

እናቴ በጉኑኖ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንድሰጥ ለምና ለምና እሺ አሰኘችኝ። እሑድ ነበር፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። ስሜ ሲጠራ መድረክ ላይ ወጣሁ። ከፊት ወንበር እናቴ ፊቷ በርቶ ታየኛለች። እውነቱን ብናገር እጇን ነው የምከስሰው። "ጌታ ይመስገን፤ እግሬ አለ" አልኩና ማይኩን ዝቅ አደረግኩ። እናቴ ማይኩን ተቀበለችኝ። ካንሰር እንደነበር፣ ሊቆረጥ እንደነበር፣ እሷ ጠዋትና ማታ በቅቤ እያሸች እንደጸለየች፣ ጌታም ካንሰሩን እንደቀየረው ተናገረች። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ስንወጣ ግቢው በር ላይ አንዲት ሴት ጠበቀችን። ከቢጠና ዘመድ ልትጠይቅ የመጣች ናት። አጠገቧ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጇ አንድ እግሯን ሳታሳርፍ ቆማለች።

"እህቴ፣ አንቺን የማረ ጌታ እሷንም ይማራታል" አለችኝ ሴትየዋ በወላይትኛ። "ትምህርት ቤት ሲሮጡ ተጋጭታ ጭኗ አብጧል። ሁለት ሳምንታችን ነው በቅቤ ስናሻት። ልክ እንደ እናትሽ። እጅሽን ጫኚባትና ጸልዪላት።"

ልጅቷን በቀሚሷ ላይ በሁለት ጣት ብቻ ነካኋት። ጠጥሯል።

"አትሿት" አልኩ።

"ምን?"

"አትሿት! ከዛሬ ጀምሮ ማንም እጁን እንዳያሳርፍባት። ነገ ሐኪም ቤት ውሰጃት፤ ተመትታ እንደነበርና እንደታሸች ንገሪያቸው።"

ሴትየዋ ግራ ገብቷት ወደ እናቴ ተመለከተች። "አሁን መድረክ ላይ እኮ…"

እናቴም አየችኝ። የዚያን ጊዜ ጴጥሮስ አጠገቤ አልነበረም።

ግንቡ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። መመታቴን፣ የጋሽ አንጁሎን "አይታሽም"፣ ለማሳጁ ባለሙያ መዋሸቴን፣ አምስት ጊዜ መታሸቴን። ከዚያ ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ የቅቤውን ሁለት ሳምንትም ተናገርኩ። "ካንሰር አልነበረም። ከመጀመሪያውም አልነበረም። የታሸ ደም ነው አጥንት የሆነው" አልኩ። ስናገር የማየው ልጅቷን ነበር፤ እናቴን ማየት አልቻልኩም።

ስጨርስ እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ወንድምሽ ያውቅ ነበር?" አለችኝ።

"ያውቃል፣ እማዬ።"

"ዓመት ሙሉ?"

"ዓመት ሙሉ።"

ራሷን ነቀነቀች። ወደ ሴትየዋ ዞረችና፣ "እንዳለችሽ አድርጊ፤ ነገውኑ ውሰጃት" አለቻት። ከዚያ እኔን ሳትጠብቅ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች።

እስካሁን ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ትወደኛለች፣ ታበላኛለች፣ ትመርቀኛለች፤ ግን ጎረቤት አራስ እሺልን ብሎ ሲልክባት "እጄን አሞኛል" ትላለች። ላናግራት፣ ላጽናናት ብል የምለውን አላውቅም።

የቢጠናዋ ሴት ሐሙስ ዕለት ደወለችልኝ። ሐኪሙ ራጅ አንስቶ፣ ገና ጅምር ነው፣ ካረፈች ይጠፋል ብሏቸዋል። ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት።

"መቼ ነው የምሮጠው?" አለችኝ።

"ሲተውሽ።"

"ሩጫው እኮ የዛሬ ሳምንት ነው።"

"ይሩጡ" አልኳት። "አንቺ ቁጭ በዪ።"